የባላምባራስ ሁለተኛ ዓይን

ሰው በጎረቤቱ በሬ ይቀናል፣ በርስቱ ይቀናል፣ ደፋሩ በሚስቱም ይቀናል። እኔ የቀናሁት በጥላ ነው። አትሳቁ፤ ቅናት የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ አያማክርም።

በዚያ ዘመን አዳማ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሥዕል የሚሥለው እኔ ብቻ ነበርሁ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነኝ። ቅዱሳኑን ፊታቸውን ሙሉ ከነሁለት ዓይናቸው፣ ይሁዳንና ሰይጣንን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን እሥላለሁ፤ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ደጉን ከክፉ የሚለየው በዚህ ነው። ታዲያ ጣቢያው ፊት ለፊት ላምባና አቡጀዲ የሚሸጠው ግሪክ፣ ሙሴ ያኒ፣ አንድ ቀን ቀለም ሲበጠብጥ ባየው ሰተት ብዬ ሱቁ ገባሁ።

ያኒ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱም ያናድደኝ ነበር። የፈረንጅ ሥዕሎች ያሉበትን ትልቅ መጽሐፍ ገልጦ አሳየኝ። የጥንቶቹ እንደኛዎቹ ናቸው፤ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ከኋላቸው ወርቅ፣ ቤተ ክርስቲያኖቻቸውም ሰማይ ሊወጉ የተነሡ። ደስ አለኝ። ገጹ ሲገለጥ ግን ወርቁ ጠፍቶ በቦታው ተራራና ደመና መጣ፤ ቅዱሳኑ እየራቁ ሄዱና ነጋዴው ከነሚስቱ ከነውሻው ወንበር ላይ ጉብ አለ፤ ሰው ሁሉ ጥላ አበቀለ። ወደ መጨረሻው ግድም ከደወሉ ቤት የባቡር ጣቢያው ይገዝፋል። ወርቁን ትተው ምን አገኙ እያልሁ ባጥላላም፣ ያ በጉንጭ ላይ የሚወርድ ጥላ እንቅልፍ ነሣኝ። እኔ ለምን አላሰብሁትም?

ይህ ሳይበርድልኝ፣ ከወለንጪቲ አዳማ ከብት እየነዱ የከበሩት ባላምባራስ ቱፋ መልካቸውን ማሣል ሲያምራቸው እኔን ዘለው ወደ ያኒ ሄዱ። እሱም ሣላቸው፤ በዚያ በሚያምር ጥላ፣ ግን በጎን። በአንድ ዓይን።

ሥዕሉ እልፍኝ ከተሰቀለ ወዲህ እንግዳው ሁሉ ቀና ብሎ እያየ ያማትብ ጀመር፤ ባለቤታቸውም በነጠላ ሸፈኑት። ባላምባራስ ሥዕሉን አሸክመው ቤቴ መጡ።

“አካም ጂርቱ፣ አለቃ” አሉና ነጠላውን ገለጡት። “ልጆቼ ፊት ከይሁዳ ጋር ተቆጥሬ መኖር አልችልም። የጎደለችውን ዓይን ይጨምሩልኝ።”

ደስታዬን እንደ ምንም ዋጥሁት። ግን ዓይኒቱን የት ላድርጋት? ፊቱን አዙሬ ልሣለው ብል የያኒ ጥላ ሊጠፋ ነው፤ ያን ለማጥፋት ደግሞ እጄ እምቢ አለ። ስለዚህ እዚያው ጉንጩ ላይ፣ ከመጀመሪያዋ አጠገብ፣ ትልቅ የቅዱስ ዓይን ሣልሁ። ባላምባራስ አዩና በረጅሙ ተነፈሱ። “አሁን ዳንሁ” አሉ።

ከጊዜ በኋላ ከባቡር የወረደ አንድ ፈረንጅ እሳቸው ቤት ምሳ ተጋበዘ። እኔም ነበርሁ፤ ያኒም ሊያስተረጉም መጥቶ ነበር። ፈረንጁ ሥዕሉ ፊት ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁለት ዓይን በአንድ ጎን ማድረግ የፓሪስ ሠዓሊዎች ገና አሁን የጀመሩት ጥበብ ነው፣ እዚህ ማን ደረሰበት ብሎ ጠየቀ። ባላምባራስ ሥዕሉ ግርጌ የተጻፈውን የያኒን ስም በጣታቸው አሳዩት። ያኒ ወደኔ ሰረቅ አድርጎ አየና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ያለው ማነው? እኔ በሣልኋት ዓይን ደምቆ ዋለ።

እኔ ሥዕሌ ላይ ስሜን ጽፌ አላውቅም። መምህሬ “ስም አትጻፍ፤ የሠራውን እግዚአብሔር ያውቀዋል” ብለው ነው ያስተማሩኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ነፍሳቸውን ይማርና፣ መምህሬ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ኖረው አያውቁም።