ሊቀ ጥይት ባምላክ እና የወይዘሮ ካሳነሽ ድንች

ጠመንጃ ሊገዛ ያሰበ ሰው ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ራሱ ሳይተኩስ ሌላውን የሚያስተኩስ አንድ ሰው አይጠፋም። ነጋዴ አይደለም፤ ወታደርም አልነበረም። ሥራው ምክር ነው። የእንጅባራው ጋሼ ባምላክ ይባላሉ። «ሊቀ ጥይት» የሚለውን ማዕረግ የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም አልከለከሉንም።

እኔ አናጢ ነኝ። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ ተምሬዋለሁ፤ በርና አልጋ እሠራለሁ፣ የተሰነጠቀ የጠመንጃ ሰደፍም እቀይራለሁ። በዚህ ሰበብ ሊቀ ጥይት ጉባኤያቸውን የዘረጉት እኔ ቤት ነው። ሰደፍ ይዞ የመጣ ሰው ገና ደፉን ሳይሻገር፣ «ጠመንጃዋን ተዋት፤ ምን ጥይት ትጎርሳለች?» ይሉታል። ሰውየው ይመልሳል። ተሳስቷል። ምንም ቢመልስ ተሳስቷል። አንድ የጥሊሊ ሰው ቁም ሳጥን ሊያሠራ መጥቶ ስለ ባሩድ ተምሮ ሄዷል። ከዳንግላ ስንመለስ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ስለ እርሳስ ክብደት ሲያስረዱ፣ መውረጃቸው ያለፋቸው ሰዎች ነበሩ።

ኮት ኪሳቸው ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለሉ የክላሽ ጥይቶች አሏቸው። ይፈቷቸዋል፣ ይወለውሏቸዋል፣ መልሰው ይጠቀልሏቸዋል። «የአንድ እናት ልጆች ናቸው» ይላሉ። ሰው እንዲነካቸው አይፈቅዱም።

ባለፈው ጥቅምት ወይዘሮ ካሳነሽ ከልጃቸው ከፀጋው ጋር ከአዲስ ቅዳም በኩል መጡ። ድንቻቸው ሊቆፈር ሲል ከርከሮ ገብቶበታል። እኛ ከርከሮ አንበላም፤ እሱ ግን የእኛን ከመብላት የከለከለው የለም። ግማሹ እርሻ ተገላብጧል፤ የቀረው ግማሽ የዓመት ቀለባቸው ነው። ፈቃዱ የወጣው ለአንድ ጠመንጃ ብቻ ነው። እናት ከርከሮውን የሚጥል ይፈልጋሉ፤ ልጅ ደግሞ በጥር ሠርጉ ላይ ዒላማ መትቶ ጓደኞቹን የሚያሳፍርበት።

«ለሁለቱም የሚሆን ምን አለ?» አሉኝ።

«ጥይቱን በቀላሉ የምታገኙለትን ያዙ» አልኳቸው። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሊቀ ጥይት ከጥግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነገሩ ሁለት ቀን ፈጀ።

«ረጅሟ የቤልጅግ ጥይት ሩቅ ትሄዳለች፣ ከርከሮም ትጥላለች። ግን ትከሻ ትመታለች! ትከሻው የተመታ ሰው ሁለተኛ ሲተኩስ ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን የጨፈነ ዒላማውን ይስታል፣ ከርከሮውንም አቁስሎ ይለቀዋል። የቆሰለ ከርከሮ አይተሽ ታውቂያለሽ ካሳነሽ?»

«ኧረ አላየሁም ጋሼ።»

«አትይው።»

አጭሯ የክላሽ ጥይት ግን ለእርሻ ዳር ትበቃለች፣ ትከሻ አትጎዳም፣ ሰው ሳይፈራት ይለማመድባታል፣ እንደ ልብም ትገኛለች። እንግዲያው ያቺኑ የምትጎርሰው ኤስኬኤስ የተባለችው ጠመንጃ ትገዛ ተባለ። እኔ በአንድ ትንፋሽ ያልኩት ማለት ነው።

ጠመንጃዋ ተገዛች። የዒላማ ሳንቃ ቆርጬ ከሊቀ ጥይት ጋር አብረናቸው ሄድንና እርሻቸው ሥር ካለው ገደል አስደግፈን አቆምነው። ፀጋው ተኮሰ። አንዷ ላይ፣ አንዷ ታች፣ አንዷ ጭራሽ ከሳንቃው ጋር ሳትተዋወቅ አለፈች።

«ጠመንጃዋ ጠማማ ናት!» አለ።

«ጉድ ሆንን» አሉ እናቱ፤ የሚያዩት ወደ ድንቹ ነበር።

ሊቀ ጥይት የፀጋውን ዝናር ተቀብለው ጥይቶቹን መዳፋቸው ላይ ዘረገፉ፤ እየገለበጡም ከሥራቸው ያለውን ምልክት አዩ።

«ይችን ማን ሰጠህ?»

«አጎቴ።»

«ይችንስ?»

«አማቼ፣ ለሠርጌ።»

«ይችስ አሮጊቷ?»

«እንጃ፤ ጫግኒ ለቅሶ ሄጄ ነው መሰል።»

«አንዷ እንኳ ከአንዷ አትዛመድም! ጠመንጃዋ ምን ታድርግ? አንዷ ወደ ሰማይ ትጎትታታለች፣ አንዷ ወደ መሬት።»

የአገራችን ስህተት ይኸው ነው። ጥይት በስጦታ፣ አንድ ሁለት እያለ ይመጣል፤ ከየትም የመጣው አንድ ዝናር ውስጥ ይከተታል፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የጠመንጃዋ ነው። ይህን እኔም አላሰብኩትም ነበር።

ሊቀ ጥይት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ነጠላዋን ፈቱ።

«ኧረ ጋሼ፣ እነዚህንማ…» አለ ፀጋው።

«ዝም በልና አጉርስ።»

ተኮሰ። ሊቀ ጥይት ወደ ሳንቃው ሄደው መዳፋቸውን ቢያሳርፉበት አዲሶቹ ቀዳዳዎች በሙሉ ከመዳፋቸው ሥር ሆኑ። የቀሩትን ጥይቶች ከነነጠላዋ ለወይዘሮ ካሳነሽ አስጨበጡና ተመለስን።

በዚያው ሳምንት ጎህ ሲቀድ ትልቁ ከርከሮ በአንድ ጥይት ወደቀ። ይከተሉት የነበሩት ከርከሮዎች ወንዙን ተሻግረው በዚያው ቀሩ፤ ድንቹም በሰላም ተቆፈረ። ወይዘሮ ካሳነሽ የተረፉትን ጥይቶች ሊመልሱ መጡ።

«ጋሼ፣ አደራዎትን።»

«አልቀበልም። ጠመንጃዋ ለምዳቸዋለች፤ ሌላ ብታጎርሻት ታሳምሚያታለሽ። የት ላይ ነው የመታው?»

«ከጆሮው ሥር።»

«ትንሽ ዝቅ ብላለች» አሉ። ወይዘሮ ካሳነሽ ትከሻቸውን ስመው ሄዱ።

ሊቀ ጥይት ጥጋቸው ተቀመጡ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ይሄድና ባዶውን ይመለሳል። አንድ ሰው የተሰነጠቀ ሰደፍ ይዞ ገባ፤ ምንም አላሉትም። አስረክቦኝ ሄደ። ለዚህ ዝምታ ስንት ዘመን ስለት ስሳል ኖሬያለሁ! አንድ ሳንቃ ልጌ ሳልጨርስ ግን ዝምታቸውን መቻል አቃተኝ። መላጊያውን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ለአደንም ለዒላማም የምትሆነው ጥይት የትኛዋ ናት?»

ቀና አሉ። «አንተ ምን ላይ ልትተኩስ ነው?»

«ምንም ላይ።»

«እንዲያ ከሆነማ ከመጀመሪያው እንጀምር» አሉ።

በሩን ገርበብ አድርጌ በርጩማዬን አስጠጋሁ።