የቲቸር ጥዑመልሳን ቁጣ

በየከተማው አንድ የቀድሞ ሻምፒዮን አይጠፋም። ጉልበቱ አልቋል፤ የቀረው ቁጣው ነው። የጋምቤላው ክቡር ሻምፒዮን ቲቸር ጥዑመልሳን ናቸው፤ በወጣትነታቸው መቀሌ ላይ በብስክሌት ተወዳድረው፣ ኋላ በስፖርት መምህርነት መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ። በባጃጅ ነጂ ይቆጣሉ። በጉድጓድ ይቆጣሉ። መንገድ በምታቋርጥ ፍየል ሳይቀር ይቆጣሉ። ይህ ካልበቃቸው የጥንቶቹን የቤልጅግ ብስክሌተኞች ያነሳሉ።

«የዛሬ መቶ ዓመት ቤልጅጎቹ በጭቃና በድንጋይ ላይ ነበር የሚጋልቡት! ጎማ ሲፈነዳ ራሳቸው፣ መሪ ሲሰበር ራሳቸው! የዛሬ ልጅ የብስክሌቱ ካቴና ሲወልቅበት እናቱን ይጠራል!»

ይህ ስብከት ከሁሉም በላይ ያንገሸገሻት ኛዱዋል ናት። ከኒውላንድ ሰፈር ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ በብስክሌት ስትሄድ፣ ቲቸር በራቸው ላይ ይጠብቋታል። ሰላምታ የለም። «ጎንበስ በይ! ሚኒስትር ነሽ እንዴ እንዲህ የምትኮፈሺው?» የሴቶች ውድድር መኖሩን የነገሯትም በጩኸት ነበር።

ተመዘገበች። በውድድሩ ቀን ተወዳዳሪዎቹ ከአቦቦ መንገድ ወደ ከተማ ሲመለሱ የኋላ ጎማዋ ፈነዳ። በባጃጅ የሚከተሏት ቲቸር ወረዱ።

«ቲቸር፣ ያዙልኝ እንጂ!»

«አልነካም! ከነካሁ ውጤትሽ ይሰረዛል። ለጥፊው!»

«ሌሎቹ ሄዱ እኮ!»

«ይሂዱ!»

ባጃጃቸው ላይ ወጥተው እብስ አሉ። ኛዱዋል በኑዌርኛ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ በአቧራቸው ላይ አዘነበችው። ፀሐይ አናቷን እየበሳት፣ ማስቲሹ ጣቶቿን እያጣበቀ ለጠፈችው። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን የረገጠው እግሯ ሳይሆን ንዴቷ ነው።

ከተማ ስትደርስ ድንኳኑ ተነስቷል፣ ሪባኑ ተጠቅልሏል፣ አዘጋጆቹ ምሳ ሄደዋል። ባጃጆች ግን ተደርድረው ክላክስ ያንባርቃሉ። መሀል መንገድ ላይ ቲቸር ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«አባቴ፣ ውድድሩ አልቋል!» ይላል አንዱ ነጂ።

«ማን ጨረሰው? ተወዳዳሪ መንገድ ላይ ናት! እሷ ሳትገባ አንድ ጎማ አያልፍም!»

ትራፊኩ ክንዳቸውን ይጎትታል፤ እሳቸው ንቅንቅ የለም። ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል።

ኛዱዋል አጠገባቸው ደርሳ ወረደች። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ስድብ አፏ ላይ ጠፋባት።

«ቲቸር፣ በጣም ተናድጄብዎታለሁ።»

«እኔም!» ብለው ጮኹ። እጃቸውን ሊያወርዱ ሲሉ ያዘቻቸው።

«ቆይ። መንገድ ላይ ያለፍኳት አንዲት ተወዳዳሪ ከኋላዬ አለች። እግሯ ቆስሎ ብስክሌቷን እየገፋች ነው የምትመጣው።»

ብስክሌቷን መንገዱ ላይ አጋድማ ከጎናቸው ቆመችና ክንዷን ዘረጋች። ከዚያ ወደ ፊተኛው ባጃጅ ዞራ አፈጠጠች።

«አንተ! ምን ያስቸኩልሃል?»