በሰባት ሰዓት ከቤት የሚወጣው ባሌ

ጎበዝ፣ ዛሬ የራሴን ጉድ በራሴ አፍ ላወራ ነው! ሻይ የያዛችሁ አስቀምጡ፤ ትን ብሏችሁ በኔ እንዳታሳብቡ።

ጠዋት የልጅ ልጄ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንድ ሽማግሌ ጃፓናዊ ቆሟል። ጎረምሶች ተሰልፈው ይገፉታል። ሰውዬው ንቅንቅ የለም። ኮመንቱን ሳነብ ሁላችሁም «ፌክ ነው!» «ተስማምተው ነው!» ትላላችሁ።

አልፈርድባችሁም። እኔ ከናንተ የባስኩ ነበርኩ። ያስከፈለኝን ስሙኝ።

አሰብ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ። ወጣት ነኝ፣ ቆንጆ ነኝ (ፎቶ አለኝ፣ አልፖስትም)፣ ባለትዳር ነኝ፣ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ።

የስልክ ኦፕሬተርነት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ቀኑን ሙሉ መስመር ስታገናኙ ሳትፈልጉ አንዳንድ ወሬ ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል። «መኪናው ተበላሽቶብኝ ነው የቆየሁት» ይላል ሾፌሩ ለሚስቱ፤ ከኋላው ዘፈን ይሰማል፣ ብርጭቆ ይጋጫል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ማመን የሚባል ነገር ከኔ ድራሹ ጠፋ።

ባሌ ተካ ወደብ ላይ የዊንች ኦፕሬተር ነበር፤ ከመርከብ ዕቃ የሚያወርደውን ማሽን የሚያንቀሳቅስ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ባል ሰጠሽ!» ይለኛል።

ጨዋ! እኔን የሚያስፈራኝ ጨዋ ሰው ነው።

አሰብን ለማታውቁ፣ ሙቀቱ የጉድ ነው። ስለዚህ ሥራ በማለዳ ይጀመርና ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማው ይዘጋል። ምሳ ይበላል፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ጥላ ስር አልጋ ይዘረጋል፣ መሬቱ ላይ ውሃ ይረጫል፣ ይተኛል። እስከ አስር ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ ውሻ እንኳን አታገኙም።

በአሰብ በሰባት ሰዓት ከቤት የሚወጣ ሰው ወይ እብድ ነው፣ ወይ ውሽማ አለው።

ባሌ በሰባት ሰዓት መውጣት ጀመረ!

«ወዴት ነው?» ስለው «ትንሽ ልንቀሳቀስ» ይላል። በዚያ ሐሩር! ልንቀሳቀስ!

በልቤ መዘገብኩት። ዲቴክቲቭ አይለፈልፍም።

ማስረጃው ግን ራሱ እየመጣ ይቆለልልኝ ጀመር። ጸጉሩ በላብ ርሶ ይመለሳል፤ ሸሚዙ ግን ደረቅ ነው። ሸሚዝ ሳይወልቅ እንዲህ ይሆናል? እናንተው ፍረዱ። ወንበር ላይ ሲቀመጥ «እህህ» ይላል። «ምንህን ነው?» ስለው «ጭኔን» ይላል።

ጭኔን!

ደግሞ አመል አወጣ። በር መሃል ቆሞ አንዱን መቃን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ መዳፉ ይገፋል፤ ቤቱ የጠበበው ይመስላል። አንድ ቀን እጁን ከእምብርቱ በታች አድርጎ ፈገግ ይላል። ለምን እንደሚስቅ ጠየቅኩት።

«አስካል፣ የሰው ጉልበቱ ለካ ክንዱ ላይ አይደለም። እዚህ ጋ ነው» አለኝ።

ከእምብርቱ በታች እኮ ነው! እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እስቲ እውነቱን ተናገሩ!

የጨረሰኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ስቆጣ እገፋለሁ፤ አመሌ ነው። ድሮ ደረቱን ገፋ ሳደርገው ወደኋላ ወደኋላ ይልና «እሺ፣ በቃ በቃ» ይላል። አሁን ገፋሁት፤ ባለበት ቆመ። ደግሞ ዓይኔን አየኝ! ይሄን ሰው አንዲት ሴት ልብ ሰጥታዋለች አልኩ።

ጎረቤቴን ዘሃራን ጠየቅኳት። ዘሃራ አፋር ናት፤ ከበይሉል መንደር የሚመጣላትን ዓሣ በየቤቱ እየዞረች ትሸጣለች፤ ዓይኗ የማያየው ነገር የለም።

«አስካለ እህቴ፣ እኔ የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም፣ ወላሂ!» አለችና ገባችበት። «ባልሽን አይቼዋለሁ። ከወደቡ አጥር ማዶ ያለው የድሮ ጨው መጋዘን ይገባል። ሲገባ በሩን ይዘጉታል።»

«ይዘጉታል? እነማን?»

«እኔ ምን አውቄ! ከውስጥ ነው የሚዘጋው።»

ወገን፣ ያን ቀን አልተቆጣሁም። ይሄ ነው የሚገርመው። ዝም ብዬ ሄድኩና የሐሙስ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ቲኬት ቆረጥኩ። ልብሴን ወደ ሻንጣ ሳጣጥፍ እንባዬ ይወርዳል። እወደው ነበር እኮ! ልጅ ገና አልወለድንም፤ የሚይዘኝ ነገር የለም። እስኪንቀኝ ልጠብቅ? ሳይንቀኝ ቀድሜው እናቴ ጋ ልሂድ አልኩ። ግን ሴትየዋን ሳላያት አልሄድም!

በማግስቱ ዘሃራ ጸጉሬን ስትሠራኝ ተካ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። ሰባት ሰዓት። ብድግ አልኩ።

«ኧረ ግማሹ ቀረ!» አለች ዘሃራ።

«ይቅር!»

ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ፣ በቤት ቀሚስ፣ በነጠላ ጫማ ተከተልኩት። አሸዋው ያቃጥላል። ዘሃራ ከኋላዬ «እኔ የለሁበትም፣ እኔ የለሁበትም» እያለች ትከተለኛለች።

ተካ መጋዘኑ ገባ። የቆርቆሮው በር ተዘጋ። ደረስኩና በእግሬ አልኩት! ለካ ከውስጥ የተደገፈው ድንጋይ ብቻ ነው፤ ወለል ብሎ ተከፈተ።

የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ወንዶች ናቸው። ሸሚዛቸውን አውልቀው ቆመዋል። ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው፣ እጃቸውን በርሜል እንዳቀፈ ሰው ከፊታቸው ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ፍዝዝ አድርገው። ማንም አይናገርም። ማንም አይንቀሳቀስም። ላባቸው ብቻ ጠብ ጠብ ይላል።

ሴት የለችም። ማዕዘን ለማዕዘን ፈለግኩ። ከጆንያው ክምር ጀርባ ሁሉ አየሁ!

በመሃላቸው አንድ አጭር ጃፓናዊ በከነቴራ ይዞራል። ማሽን ሊተክል የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ገበያ ውስጥ አይቼዋለሁ።

ጥርጣሬዬ ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም። ድግምት ይሆን? ድብቅ ስብሰባ ይሆን? በዚያን ጊዜ ወንዶች በር ዘግተው ዝም ካሉ መጨረሻው አያምርም ነበር።

«የታለች?» አልኩ።

«ማን?» አለ ተካ፣ እጁን ሳያወርድ! በርሜሉን እንዳቀፈ!

«እሷ ናታ!»

አንዱ የወደብ ተሸካሚ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ተካ አልሳቀም።

«አስካል፣ እዚህ የምንማረው መቆም ነው» አለኝ።

«ምን?»

«መቆም። የጃፓን ትግል ነው። ሰው ከመጣል በፊት መቆም ነው የሚማሩት።»

እስቲ ፍረዱኝ! ከልጅነቱ ጀምሮ በሁለት እግሩ ሲቆም የኖረ ሰውዬ፣ መቆም ልማር ብሎ በእሳት መሃል ወጣ ስትባሉ ታምናላችሁ?

ደሜ ፈላ። ሄጄ በሁለት እጄ ደረቱን ገፋሁት።

የለም!

ክንዴን አጥፌ በሙሉ ክብደቴ ገፋሁት። የለም! የሚንሸራተተው የኔ ነጠላ ጫማ ነው። ባሌን እየገፋሁ ወደኋላ የምሄደው እኔ ነኝ!

ጃፓኑ በደስታ አጨበጨበ። «ብራቫ! ብራቫ!» ወደብ ላይ ጣልያንኛ ለቃቅሟል። በእንግሊዝኛም፣ በእጁም፣ በሆዱም አድርጎ ለተካ አንድ ነገር አስረዳው። ተካ ደግሞ እየተገፋ ይተረጉምልኛል።

«እነዚህ እየሳቁ ነው የሚገፉህ፤ ሚስትህ ግን ከልቧ ነው፤ ነገም ትምጣ ይላል።»

ነገም ልምጣ!

«ለምንድን ነው የማትወድቀው?» ብዬ ጮህኩበት።

«የግቢያችን ሸራ ለምን አይወድቅም? አንዱ ገመድ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ስለሚስበው አይደል? እንደሱ ነው። አንዱን ኃይል በተረከዜ ወደ መሬት እሰደዋለሁ፣ አንዱን በአናቴ ወደ ላይ። አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ። ሁለቱ እኩል ሲሳሳቡ እኔ መሃል ላይ ነኝ። ጡንቻዬ አይሠራም፤ ንኪኝ እስቲ፣ ትከሻዬ ልል ነው።»

ነካሁት። እውነትም ልል ነው። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?»

«በሰባት ሰዓት መጋዘን ሄጄ ልቆም ነው ብልሽ ታምኚኝ ነበር?»

አላምነውም ነበር። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ስሸነፍ ክፉ ነኝ።

እጄን ከደረቱ ላይ አነሳሁ።

«በቃ ተካ። ቲኬት ቆርጫለሁ። ሐሙስ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። አልመለስም።»

ዘጭ!

ማንም ሳይነካው! ያ ስገፋው ስገፋው ንቅንቅ ያላለ ሰውዬ ወደፊት ተደፋ። በጉልበቱ፣ ከዚያ በእጁ፣ ከዚያ በፊቱ፣ ጨዉ ላይ።

ጃፓኑ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ቀስ ብሎ አናገረው።

«ምን ይላል?» አልኩ። ምን ላድርግ፣ ሰው ተናግሮ ሳልሰማ ማለፍ አልችልም።

ተካ ፊቱ በጨው ነጥቶ ቀና አለ። «ቆመህ አልነበረም ይለኛል። ተደግፈሃት ነበር። ሁለቱም ኃይል ከራስህ መምጣት ነበረበት፤ አንተ አንዱን ከሷ ተበደርክ፤ ስትለቅህ ወደቅክ ነው የሚለኝ።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ባሌን አንስቼ፣ ጨዉን ጠርጌለት፣ ይቅርታ ብዬ ልሂድ፣ አይደል?

የለም! እኔ አስካለ!

«ተንኮል ነው! አውቀህ ነው የወደቅከው፣ እንድታሳዝነኝ!»

ጃፓኑ በእጁ ወደ መሃል ጠራኝ። አንቺ ቁሚ፣ እሱ ይግፋሽ አለ። «ፒያኖ፣ ፒያኖ» ይለኛል ደግሞ፣ ቀስ በይ ማለቱ ነው።

«ይግፋኛ!» አልኩ።

ቆምኩ። ጥርሴን ነክሼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ነጠላ ጫማዬን ጨዉ ውስጥ ተክዬ። ተካ ተነሳ፣ መጣ፣ እጆቹን ወደኔ አነሳ። ሙሉ ክብደቴን ወደሱ ጣልኩ። ና! ና እስቲ!

እጁን መልሶ አወረደ።

«እኔ አንቺን መግፋት አልችልም፣ አስካል» አለኝ።

ዘጭ!

አሁን እኔ ነኝ! ደረቱ ላይ! በጠራራ ፀሐይ፣ በተሸካሚዎች ፊት፣ ጸጉሬ ግማሹ ቆሞ፣ ሸሚዝ ያወለቀ ባሌ ላይ ተለጠፍኩ። በዚያን ዘመን ባልና ሚስት መንገድ ላይ እጅ ለእጅ እንኳን አይያያዙም! ልላቀቅ ስል ደግሞ እግሬ እንቢ አለኝ፤ ደረቱ ላይ እንዳለሁ ማልቀስ ጀመርኩ። ልቡ እንደ ዊንቹ ይመታል።

«ብራቪ!» አለ ጃፓኑ፣ ሁለታችንንም።

ዘሃራ በሩ ላይ አፏን ይዛ ቆማለች። እኔ የለሁበትም ያለችው ሴትዮ ከሁላችን ቀድማ ከተማ ገባች! በማግስቱ መስመር ሳገናኝ አንዱ ለሌላው ሲያወራ ሰማሁ፤ «የተካ ሚስት ጃፓን ቀጥራ ባሏን በሰው ፊት ታግላ ጣለችው አሉ!»

መስመሩን ቆረጥኩት። ይበለው!

ተካ «ትሄጃለሽ?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም «እቀራለሁ» አላልኩም። ሻንጣው በር ስር ቆሞ እናልፈዋለን።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ሆነ። ተካ ሻንጣውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሸሚዙን ለበሰ፣ ወጣ።

ወጣ! በሐሙስ ቀን!

ሸራው ስር ተጋደምኩ። ትንሽ ቆይቶ የአውሮፕላኗ ድምፅ ከማረፊያው በኩል ተነሳ፤ በላያችን አልፋ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ወንበሬ ባዶውን ሄደ።

ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ውስጤ አንዱ «ተነሺ! ተከተይው! መጋዘኑ መግባቱን በምን አወቅሽ?» ይለኛል። ሌላው «ተኚ፣ ይመጣል» ይለኛል። እኩል ነው የሚጎትቱኝ። ተጋድሜ ላብ በላብ ሆንኩ፤ ጭኔ ይንቀጠቀጣል። ያን ያህል የደከምኩበት እንቅልፍ በዕድሜዬ አላየሁም፣ እሱም አልወሰደኝም።

አልተነሳሁም ግን።

አስር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ተካ ገብቶ ባለበት ደረቀ። ሲወጣ ቤቱ ባዶ ሆኖ እንደሚጠብቀው ገምቶ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይነበባል።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ» አልኩት።

ፊቱን ሊታጠብ ገባ። አየሁ፣ ጓዳ ውስጥ ትከሻው ይርገበገባል፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልጠየቅኩም።

እሱ ሲታጠብ ጫማውን አነሳሁ። ሶሉን በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት። ጨው ነው። ተመስገን ብዬ መልሼ ሳስቀምጠው አሰብ ውስጥ ጨው የሌለበት መሬት እንደሌለ ትዝ አለኝ!

እንግዲህ ምን ላድርግ ጎበዝ፣ መቆም በአንድ ቀን ይለመዳል እንዴ?