የቡፌያችን ጦር

ሰው ሁሉ የሚያጠራቅመው ነገር አለው። የለኝም የሚል ካለ ወጥ ቤቱ ግቡና ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ፌስታል ክፈቱበት፤ ውስጡ ፌስታል ነው፤ የዚያም ውስጥ ሌላ ፌስታል። አንዷ ያለፈ ሠርግ መጥሪያ ታስቀምጣለች፣ አንዱ የማይሠራ ሞባይል ይደረድራል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ቀለማቸው ያለቀ እስክሪብቶዎችን በመሳቢያው የሚያኖር የሒሳብ ሠራተኛ አለ፤ ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ማን ያውቃል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ጠይቄ አላውቅም፤ የሁላችንንም መልስ ተናግሮታልና።

እኔ የማጠራቅመው ጦር ነው።

አትደንግጡ። የጦሬ ቁመት ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ሥሪቱ ፕላስቲክ ነው፤ ቀለብም ሹመትም አይጠይቅም። የመጣውም በመጥበሻ ምክንያት ነው። ወሎ ሰፈር አፓርታማ ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል የቤት ዕቃውን መሸጥ ጀመረ፤ ባለቤቴ ሰናይትም «የፈረንጅ መጥበሻ እንቁላል አያጣብቅም» ብላ ላከችኝ። ስደርስ መጥበሻው ተሸጧል። ሰውየው ባዶ እጄን መመለሴ አሳዘነው መሰለኝ፣ አንድ ካርቶን አምጥቶ እንካ አለኝ። ብከፍተው ግራጫ፣ ፊታቸው የማይለይ፣ ትንንሽ ወታደሮች፤ ከሥራቸው ደግሞ አንዲት የሉዶ ዳይስ። በተሰባበረ አማርኛው አስረዳኝ። ሁለት ጦር ፊት ለፊት ታሰልፋለህ፤ ዳይሷን ትጥላለህ፤ ዕድል የቀናው ያጠቃል። ግን ከሁሉ በፊት መቀባት አለብህ፣ ያልተቀባ ወታደር አይዋጋም አለኝ። እሱ ራሱ ነገ እቀባለሁ፣ ከነገ ወዲያ እቀባለሁ ሲል አገር ላገር ይዟቸው ዞሯል።

ካዛንቺስ ቤቴ ስገባ ሰናይት ካርቶኑን አይታ፣ «መጥበሻው ይኸ ነው?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጦሬ ስም በቤታችን «መጥበሻዎቹ» ሆኖ ቀረ። «መጥበሻዎችህን ከቡፌዬ ላይ አንሣ» ትለኛለች፤ ግን አንሥታቸው አታውቅም። ቡፌ መቼም ታውቃላችሁ፤ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ለክብራቸው የሚቀመጡበት ቤተ መንግሥት ነው። እዚያ ላይ ለጦር ቦታ መስጠት ቀላል ፍቅር አይደለም።

ቀለም ፍለጋ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ጋራዦቹ ጋ ወረድኩ። ቀለም ቀቢው ወጣት ከመኪና ሥር ወጥቶ፣ «ምን ዓይነት መኪና ነው?» አለኝ።

«መኪና አይደለም፤ ሰው ነው።»

«ስንት ሰው ይጭናል?»

ነገሩን ሳስረዳው የተረፈውን ቀለም ሁሉ በየብልቃጡ ጨልፎ ሰጠኝ። ስለዚህ ወታደሮቼ የሚኒባስ ሰማያዊ ሱሪ፣ የጭነት መኪና ቢጫ ቀበቶ፣ የሙሽራ መኪና ነጭ ሸሚዝ ለበሱ። ቀዩ የሰናይት የጥፍር ቀለም ነው። ብሩሹም የእሷ የኩል ብሩሽ ነው፤ እስካሁን የት እንደጠፋባት አታውቅም፣ ይህንን ካላነበበች።

ክረምት ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቤት ውስጥ ሌላ ድምፅ አይሰማም። ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር አስጠግቼ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አውርጄ፣ ትንፋሼን ውጬ የአንዱን ወታደር ዓይን ስነካ ዓለም እየጠበበች፣ እየጠበበች መጥታ የስንዴ ፍሬ ታክላለች። እዚያች ፍሬ ውስጥ ግን ስፋት ሞልቷል። ሜዳ አለ፤ ጭጋግ አለ፤ ከሩቅ የሚጠራራ ሰው አለ። አንዳንዴ ብሩሼን በአየር ላይ እንደያዝኩ ቀለሙ ይደርቅብኛል። «ተኛህ እንዴ?» ትለኛለች ሰናይት። አልተኛሁም፤ የት እንደነበርኩ ግን ልነግራት አልችልም።

ነገር የመጣው ፊታቸውን ስቀባ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ወታደሮቹን ቲማቲም አስመስሎ ያሳያቸዋል፤ እኔ ደግሞ እጄ የሚያውቀው ጠይም፣ ቀይ ዳማና የቀይ ዳማ ጠይም ብቻ ነው። አንዱን ጉንጩን ጠመንጃው ላይ ያስተኛ ተኳሽ ቀብቼ ሳበቃ ብርሃን ላይ አነሣሁት። አንገቱን ወደ ቀኝ ዘመም አድርጎ የሚያየኝ ጋሽ ደምሴ ነው! ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ወደ መስተዋቱ ሲያጋድሉ ኖረው አንገታቸው እንደዚያው ቀርቷል፤ ብርድ ሲሆንም ይጠዘጥዛቸዋል። ከዚያ በኋላ ብሩሹን ለቀቅኩት፤ እሱም ሰፈሩን አንድ በአንድ ያመጣልኝ ጀመር። እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ «ግፉ!» የሚለው የጦር አዛዥ፣ ጢሙን በምላጭ ፍቄ ሻሽ ስቀባለት፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሆነ። ተቀምጦ የመገናኛ ሬዲዮ ጆሮው ላይ የለጠፈው ደግሞ አባባ ሸምሱ ነው፤ የእድራችን ሊቀመንበር፣ ሱቃቸው ውስጥም መንገድ ላይም ሬዲዮ ከጆሯቸው የማይለይ ሽማግሌ።

አሁን ስለ አሸንዳው ልንገራችሁ።

ጋሽ ደምሴና እትዬ ዘነበች የሚኖሩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ግራና ቀኝ ነው። እትዬ ዘነበች ቤታቸው ሆነው ሲያስነጥሱ ጋሽ ደምሴ ከቤታቸው «ይማርሽ!» የሚሉበት ዘመን ነበር። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ጣሪያቸውን አድሰው አዲስ አሸንዳ አስገጠሙ፤ የአሸንዳው አፍ ግን የዞረው ወደ እትዬ ዘነበች በር ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ደጃቸውን አጠበው፤ እትዬ ዘነበችም የልብስ እጣቢያቸውን በጋሽ ደምሴ ደጅ መድፋት ጀመሩ። ቃል ቃልን ወለደ። ሽማግሌ ተላከ፣ ተመለሰ። እነሆ ስንት ክረምት ማስነጠስ በዚያ ግድግዳ በኩል መልስ አጥቶ ቀረ።

አንተን ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። እናቴ በልጅነቴ ስታርፍ ያበሉኝ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ በአውቶቡሳቸው ከፊት አስቀምጠው ትምህርት ቤት ያደረሱኝ ጋሽ ደምሴ። ማሙሽ ያሉኝም እነሱ ናቸው፤ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም ሰፈሩ ማሙሽ እንዳለኝ ነው። ሁለት ወላጅ አለኝ፤ አይነጋገሩም።

በዚህ መሀል ሰፈራችን ለልማት ይነሣል ተባለ። ሰው ሁሉ ዕጣው ወደ ጣለው ሊበተን ነው። ቤቱ ይፈርሳል፣ ጣሪያው ይነሣል፣ አሸንዳውም ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ሆኖ ይሸጣል፤ ኩርፊያው ግን ዕቃ ላይ ተጭኖ አብሮ ሊሄድ ነው። ፈራሁ። እንደዚህ እንደተኳረፉ አንደኛው በአንደኛው የከተማ ጫፍ ቢያርፍ ሌላው ከወዲያኛው ጫፍ ለቀብር ይመጣ ይሆን? ቢመጣስ ምን ብሎ ያለቅሳል?

እንዲህ ሲጨንቀኝ ምን አደረግኩ? እንደ ጨዋ ሰው ሽማግሌ ማስቸገር ሲገባኝ፣ ጦሬን አደራጀሁ። ሰው ሲጨንቀው መሳቢያ ያስተካክላል። ሁሉም ተቀብተው አልቀዋል፤ ፈረንጁ እንዳለው አንድ ጊዜ እንኳ ጦርነት ልጫወት አሰብኩ። ለዚያ ደግሞ ሁለት ወገን ያስፈልጋል። ማንን ከማን ላዋጋ? ብዙም ማሰብ አላስፈለገኝም። ከቡፌው በግራ ጋሽ ደምሴን አቁሜ ከኋላቸው ግማሹን ሰፈር ሰጠኋቸው፤ በቀኝ እትዬ ዘነበችን ከነእጃቸው፣ ከኋላቸው የቀረውን ሰፈር። አባባ ሸምሱ የተቀመጡ ስለሆኑ ለየትኛውም ሰልፍ አልመች አሉኝና መሀል ላይ ተውኳቸው። ዳይሷን አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ከዚያ መጣል አቃተኝ። ቁጥሩ ለማን ቢወጣ ይሻለኛል? በነጠላ ጨርቅ ሸፍኜው ተነሣሁ።

የእድራችን የመጨረሻ ስብሰባ የተደረገው እኛ ቤት ነው፤ መሰብሰቢያችን ቀድሞ ተነሥቶ ነበርና። ጉዳዩ ድንኳኑና ድስቶቹ ምን ይሁኑ የሚል ነው። ጋሽ ደምሴ በሩ ጥግ ተቀመጡ፣ እትዬ ዘነበች መስኮቱ ጥግ፤ በመካከላቸው የሰፈሩ ሰው ሁሉ። ሰናይት ለእንግዳ ብርጭቆ ልታወጣ ብላ የቡፌውን ጨርቅ ገፈፈችው።

ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ቡፌው አሰገገ። የሰፈሩን ሰው በሁለት ከፍዬ፣ ጠመንጃ አስታጥቄ፣ ፊት ለፊት አፋጥጬዋለሁ፤ የት ልግባ?

አባባ ሸምሱ ተነሡ። ሬዲዮአቸውን ዘጉ፤ ይህንን ሲያደርጉ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ወደ ቡፌው ጠጋ ብለው መሀል የተቀመጠውን አዩ። «እኔ ነኝ» አሉ። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ሲዞሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ማሙሽ፣ ይሄን ዕርቅ መቼ አሰናዳኸው?»

ዕርቅ? ጦርነት ነው ልል አፌን ስከፍት ሰናይት እግሬን ረገጠችኝ።

«ይኸው እዩ» አሉ አባባ ሸምሱ ለጉባኤው፤ «አንዱ ወገን በዚህ፣ አንዱ ወገን በዚያ፣ ሽማግሌው በመሀል። እኛ ስንት ዓመት ደጅ ጠንተን ያቃተንን ልጁ እዚህ ጨርሶታል።»

ለካ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለት ሰልፍ ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ያዩት ለዕርቅ ብቻ ነው።

«ጠመንጃውስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሲታረቁ ያስቀምጡታል!» አሉ አባባ ሸምሱ ቆጣ ብለው።

ይሉኝታ ክፉ ነው ይላሉ፤ እኔ የዚያን ቀን ባለውለታዬ ነው። ልጃችን ይህን ያህል ደክሞ ሰውን ሁሉ ሰብስቦ እንዴት እምቢ ይባላል? እትዬ ዘነበች በመጨረሻ ከጥጋቸው ተነሥተው መጡና ራሳቸውን አጎንብሰው አዩ።

«እኔ እጄን እንደዚህ እዘረጋለሁ?»

አዎ ለማለት ማን ይደፍራል?

«ትዘረጊያለሽ» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ ጥግ።

ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከስንት ክረምት በኋላ የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ነበረች። እትዬ ዘነበች ዞር ሳይሉ፣ «ሰው በር ላይ ውሃ ሲለቁ ነው የሚዘረጋው» አሉ።

«እጣቢውስ?»

«በቃ!» አሉ አባባ ሸምሱ። «ማለቴ፣ እዚያ ቡፌው ላይ ዝም ብላችሁ ቆማችኋል፤ እዚህም ዝም በሉ። ደምሴ፣ አንተ ነህ የጀመርከው።»

እትዬ ዘነበች አሁንም ቡፌውን እያዩ ነው። «ጥፋተኛ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ይሸከማል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሷል። «ይሄ የተሸከመው ጠመንጃ ነው። ድንጋዩ የታለ?»

ጋሽ ደምሴ ተነሡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ቡፌው ጋ ደርሰው፣ ዘመም ባለው አንገታቸው ወዲያ ወዲህ ፈልገው፣ ዳይሷን አነሡ። የትንሹ ጋሽ ደምሴ ዘመም ያለ አንገት ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጧት። አልወደቀችም። ከዚያ ትልቁ ጋሽ ደምሴ አጎነበሱ።

«አሸንዳውን ነገ አዞረዋለሁ» አሉ፣ እንዳጎነበሱ።

እትዬ ዘነበች «እግዜር ይቅር ይበለን፣ ቀና በል፣ አንተ» ብለው ትከሻቸውን ይዘው አነሷቸው። እልልታው ሲቀልጥ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሰናይት ተከትላኝ መጥታ መሐረብ አቀበለችኝ። ድንኳኑንና ድስቶቹን ማንም አላስታወሰም።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ መሰላል አቁመው ጣሪያ ላይ ወጡ። ሮጬ ደረስኩ። «ጋሽ ደምሴ፣ ኧረ ይውረዱ! ቤቱ እኮ ሊፈርስ ነው።»

«ታዲያ?» አሉኝ ከላይ ሆነው። «ቤቱ ቢፈርስ እኔ ቃል አልገባሁም እንዴ?»

አዞሩት። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፤ የክረምቱ ጭራ። ሁለቱም በየበራቸው ቆመው ውሃው በአዲሱ መንገዱ ወደ ቦዩ ሲወርድ ተመለከቱ። እትዬ ዘነበች ከብርዱ የተነሣ አስነጠሱ።

«ይማርሽ!»

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ተነሣ፤ ያ አሸንዳም በተዞረ አፉ ከቆርቆሮው ጋር ተጭኖ ሄደ።

እኛ አሁን ኮንዶሚኒየም ላይ ነን። ቡፌው በደረጃው ሲወጣ አንድ እግሩን ተሰበረ፤ ጦሩ ግን ደህና ነው። እንደ ቀድሞው በግራና በቀኝ አሰልፌዋለሁ፤ ዳይሷንም ከነበረችበት አንገት ላይ መልሼ አስቀምጫታለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ ፊቱ እቀመጥና የፈረሰው ሰፈር ውስጥ እዞራለሁ፤ አባባ ሸምሱ ሱቅ እደርሳለሁ፣ ሬዲዮውን እሰማለሁ። ሰናይት «ተኛህ እንዴ?» ትለኛለች።

ባለፈው እትዬ ዘነበች ከአዲሱ ሰፈራቸው ሁለት ታክሲ ይዘው ሊጠይቁን መጡ። ገና ሳይቀመጡ ወደ ቡፌው ሄዱ።

«እስካሁን አሸክመኸዋል?» አሉኝ ተቆጥተው። «አንገቱን ያመዋል እኮ!»

ዳይሷን አነሡና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ትተውልኝ ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ይዘዋት ሄዱ።

እንግዲህ ጦርነቱ ቀረ። መጥበሻም የለንም። ዳይስ የሌለው ጦር ደግሞ ምን ይሠራል? ቆሞ ይተያያል፤ እንደ ጎረቤት።