ሮዝ የሆነው የቀንድ ጉትቻ

ቤት ስትከራዩ ስለ ውሃው፣ ስለ ቆጣሪው፣ የውጭ በር ስለሚዘጋበት ሰዓት ተስማምታችሁ ትገባላችሁ። ስለ ብርሃኑ የተዋዋለ ሰው ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብርሃን ሳያስፈቅድ ይገባል፤ ግድግዳው ላይ ጋደም ይላል፤ ሲሰለቸው ይሄዳል። ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብላ ያለችው ክፍሌ መስኮቷ ከፍ ያለ ስለሆነ ከሰማይ በቀር ምንም አታሳይም። ብርሃኗ የሚመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ይህን የማውቀው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ደብተር ላይ ስለመዘገብኩ ነው።

እህቴ አስቴር ከነጭ ቀንድ ጉትቻ ትሠራለች። ቆርጣ፣ ሞርዳ፣ ወተት እስኪመስል ትወለውለዋለች። ለዚህ ብላ የፀጉር ቤት ሥራዋን ትታለች። እስከ ጥር ገዢ ካላገኘች ልትመለስ ከራሷ ጋር ተማምላለች። ለቴሌግራም ቻናሏ ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ። ጉትቻውን ነጭ ካርቶን ላይ አስቀምጬ፣ ስልኬን መጻሕፍት ላይ አቁሜ፣ ርቀቱን በማስመሪያ እለካለሁ። ከዚያ መለካቴን እጠራጠርና እንደገና እለካለሁ። “አንተ እስክታነሳው ፋሽኑ ያልፍበታል” ትለኛለች።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ከሰዓት ክፍሌ ሮዝ ሆነች። ጣሪያው ቀላ፤ ግድግዳው ቀላ፤ ነጩ ቀንድ ሊነጋ ሲል እንዳለ ሰማይ ከውስጡ በራ። የነቃሁ አልመሰለኝም። ማስመሪያውን ረስቼ ዝም ብዬ አነሳሁ፣ አነሳሁ። ምክንያቱን አልመረመርኩም። ሰው ድንገት ሲሳካለት ምክንያት ይመረምራል እንዴ? “በቃ፣ ጎበዝ ሆንኩ” አልኩ።

በማግስቱ ከዓለም ባንክ ሰፈር አንዲት ሙሽራ ለስምንት ሚዜዎቿ “ሮዙን” አዘዘች። አስቴር ቀንዱ ነጭ መሆኑን ጻፈችላት። “ነጭም በሉት ሮዝ፣ ፎቶው ላይ ያለውን ነው የምፈልገው” ብላ መለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሽራዋ ራሷ ክፍሌ ድረስ መጣች። አንዱን ጉትቻ አንስታ አገላብጣ አየችና “ይኼማ ነጭ ነው። የኔው የታለ?” አለች። ስለ ብርሃን አቅጣጫ ላስረዳት ደብተሬን ስገልጥ አስቴር ቀስ ብላ “ወንድሜ፣ በእናትህ ደብተሩን ተወው” አለችኝ።

ድምፅ የሰሙት አከራዬ እትዬ አረጋሽ ብቅ አሉ። ፎቶውን ሲያዩ ሳቃቸው አመለጣቸው። “አይ አንተ ልጅ! የኔ በርበሬ እኮ ነው! ጓሮ፣ ከመስኮትህ ሥር ሁለት ሸራ ሙሉ አስጥቻለሁ። የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ግድግዳው ሁሉ ይቀላል” ብለው ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

ጎበዝ የነበረው በርበሬው ነው ማለት ነው።

አስቴር ጉትቻዎቹን አንድ በአንድ በሶፍት መጠቅለል ጀመረች። ሙሽራዋ ግን ዓይኗን ከፎቶው ላይ አልነቀለችም። “ቀንድን እንዲህ ካስመሰለ እኔንማ ምን ሊያደርገኝ ነው!” አለች። ከዚያም የሠርጓን ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ከነሚዜዎቿ እዚያው ጓሮ ላነሳት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ዓይኑን የሚያርገበግብ ነገር አንስቼ አላውቅም። ግን የአስቴርን እጅ አየሁ፤ ሶፍቱን ይዞ ቆሟል። “ሚዜዎቹ ጉትቻውን ካደረጉ” አልኩ፤ ድምፁ የኔ አልመሰለኝም። “ጉትቻው እንደ ፎቶው ሮዝ ከሆነ እገዛዋለሁ፤ ካልሆነ ይመለሳል” አለች። ተስማማን።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በሮዝ ደመና ላይ ሆኜ ለካሁ። ከበርበሬው እስከ ሙሽራዋ ስንት እርምጃ፣ ከሙሽራዋ እስከ ግድግዳው ስንት፣ ረጅሟ ሚዜ የት ትቆማለች። ለእትዬ አረጋሽም ሙሽራ ጓሯቸው እንደምትመጣ በአክብሮት አስታወቅኋቸው፤ መረቁኝ። የቀረ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ደብተሬን አየሁ። አልነበረም።

በሠርጉ ዋዜማ ለመጨረሻ ጊዜ ልለካ ጓሮ ስገባ መሬቱ ተጠርጓል፣ ሸራዎቹ ታጥፈዋል። እትዬ አረጋሽ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ምስጋናዬን እየጠበቁ ነበር።

“በርበሬውን ወፍጮ ቤት ሰደድኩልህ” አሉኝ። “ሙሽራ የሚያህል ሰው መጥቶ በርበሬ ፊት ይቆማል እንዴ?”