እግር የሚያሳየው በር

ስልኩ ላይ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ ግንበኛ የሚሆን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ቆሰበር ከተማ አንድ አለን፤ ጎረቤቴ አያሌው። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሚጢጢ መጸዳጃ ቤቱን «ሆቴል አስመስላታለሁ!» ብሎ ግድግዳዋን ደም መሳይ ቀይ ቀባት። ሚስቱ ታግሣ ታግሣ ግምጃ ቤት የምትባለው ከተማ አባቷ ዘንድ ገባች። እሱ አሮጌው ወለል ላይ ሴራሚክ ቢደርብ በሩ አልከፈት አለ። ሁለት ጣት ከሥሩ መቁረጥ ይበቃ ነበር፤ አያሌው ግን ክንድ ሙሉ ገመሰው!

አማቱ «ልጄን ከመመለሴ በፊት ሥራውን ልየው» ብለው መጡና አዲሱ መቀመጫ ላይ ተሰየሙ። ከበሩ ሥር ጫማቸው ይታያል። መቼም አዛውንት አይቶ ሰላም ሳይል የሚያልፍ የለም። የግቢው ሰው ሁሉ «እንደምን ዋሉ አባ? ከብቱ፣ ፈረሱ ደህና ነው?» ይላል። እሳቸው ደግሞ ጨዋ ናቸው፤ ተቀምጠው ሰላምታ አይመልሱም። ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ። እኔማ አራት ጊዜ ተመላለስኩ።

ጉልበታቸውን ይዘው ወጡና «ስማ ልጄ፣ በሩ መሬት የነካ ዕለት ላክብኝ፤ ሚስትህን ይዤልህ እመጣለሁ» አሉት።

አያሌው ወዲያው ስልኩን አወጣ። በር የሚያስረዝም ቪዲዮ ይፈልግ ጀመር።