የአባባ ደምሴ ሁለት ሰዓቶች

ድሮ ሰው «እንዴት አደሩ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ካለ ደህና ነው፤ አለቀ። ዛሬ ይቺን ለመመለስ ባትሪ መሙላት ያስፈልጋል። እኔና የባለቤቴ ወንድም ጌታቸው ደብረ ብርሃን ውስጥ ስማርት ሰዓት ካሰርን ወዲህ ደህና መሆናችንን የምናውቀው እጃችንን አይተን ነው። የእሱ ሰዓት እንቅልፍ ይመዝናል፤ የእኔ ደግሞ ሰው ሲወድቅ ለዘመድ መልእክት ይልካል። አንድ ብርድ ላይ ቆመን የእሱ «ዘና ብለዋል» ሲለው የእኔ «ተጨንቀዋል» ይለኛል። ከጌታቸው ጋር እየተከራከርኩ እንዴት አልጨነቅ?

ክርክሩ ግን የቀልድ አልነበረም። የባለቤቴ አባት፣ አባባ ደምሴ፣ አንኮበር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸው «ልብዎ ደክሟል፣ እኛ ዘንድ ይግቡ» ይላሉ፤ እሳቸው «ከደጄም ከደብሬም አልነቃነቅም» ይላሉ። በመጨረሻ «ሰዓት ይፍረድ» ተባለ። የማን ሰዓት? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ከስልካቸው ጋር አገናኝተን ሁለቱንም አሰርንላቸው፣ በግራ የጌታቸውን፣ በቀኝ የእኔን። ለፋሲካ ስንሄድ አይተን ልንወስን።

ሰዓቱን የሠራው ሰው ስቅለትን አያውቅም። እኛ ግን እናውቅ ነበር!

ዓርብ ቀትር ላይ ደብረ ብርሃን ስንሰግድ ስልኬ ነዘረ፦ «አባባ ወድቀዋል»። ወዲያው ደገመ። ሠለሰ። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይወድቃል ብለን ማሰብ ሲገባን፣ ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንባዋን ለቀቀችው፤ ጌታቸው መኪና አስነሣ። አንኮበር ደርሰን የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት በሩጫ ወጣን።

አባባ ደምሴ ይሰግዳሉ። ግንባራቸው መሬት በነካ ቁጥር ቀኝ እጃቸው «ወደቁ!» ብሎ ይጮኻል። ግራው ደግሞ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ «ሲዋኙ ውለዋል፣ ይበርቱ» እያለ ያመሰግናቸዋል። በስቅለት መሳቅ ነውር ነው። ሳቅሁ። ባለቤቴም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ደስታዬ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ።

አባባ አልሳቁም። «ምነው እንዲህ አለከለክህ ልጄ?» ብለው ሁለቱንም ሰዓት ፈትተው እኔ እጅ ላይ አሰሯቸው። የግራው ቀይ አበራ። የቀኙም። ሁለቱ ሰዓቶች በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፦ «ልብዎ ከመጠን በላይ እየመታ ነው፣ ይረፉ»።

«ሰዓት ይፍረድ አላላችሁም?» አሉ አባባ። «ይኸው ፈረደ። እኔ የትም አልሄድም፤ ይሄ ልጅ ግን እስኪያገግም እኔ ዘንድ ይቆይ።»

ባለቤቴ ለአፍታም ሳታስብ «እሺ አባዬ» አለች።

ይህን የምጽፍላችሁ አንኮበር ተቀምጬ ነው። አባባ ከጎረቤላ ገበያ በእግራቸው እስኪመለሱ ከአጥሩ እንዳልወጣ ተከልክያለሁ።